ዴሞው ነፃ አሳለፈን፣ ሙሉው ጌም ግን ኬላ በኬላ ሆነብን

ይህን የምጽፈው ጌም ልትገዙ እየቆጠባችሁ ላላችሁ ነው። በተለይ እንደኔ ከከተማው ዳር ለምትኖሩ፣ ኢንተርኔታችሁ የስልክ ጥቅል ለሆነ፣ መብራት መጣ ሄደ ለለመዳችሁ። እኔ በአንድ ጌም የተነሳ ሁለት ወር ተንገላትቻለሁ። ገንዘቤን አጥቻለሁ፣ የዘመድ ገንዘብም አስበልቻለሁ። ከእኔ በኋላ የሚመጣ ሰው ያው ጉድጓድ ውስጥ እንዳይገባ ብዬ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፈው።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ሊፍት የለውም። አብሮኝ አባቴ አለ። 71 ዓመቱ ነው፣ ስኳር አለበት፣ እግሩም ደረጃ አላስወርድ ብሎታል። ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጦ መንገድ ሲያይ ይውላል። የሚያየው መኪና ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ነድቷል። በኤንትሬ ፊያት ጀምሮ፣ በጣርማ በር ወርዶ፣ በኮምቦልቻና በባቲ አድርጎ እስከ አሰብ ተሳቢ ሲጎትት ኖሯል። ከ1990ው ጦርነት በኋላ ወደቡ ጅቡቲ ሲሆን ደግሞ በሚሌና በጋላፊ። መሪ ከለቀቀ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ግን እስካሁን በረንዳው ላይ ሆኖ የሚያልፈውን መኪና በድምፁ ብቻ «ይሄ ማርሹን አልቀየረም» ይላል።

እኔ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት እያደረግሁ ነው የምተዳደረው። ለሥራ አንድ ላፕቶፕ አለኝ፣ ዊንዶውስ ነው። ቤት ደግሞ መርካቶ የገዛሁት አሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር አለ። ግራፊክስ ካርድ ጨምሬበት በዊንዶውስ ፋንታ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ሲስተም ጫንኩበት፣ ቀለል ስለሚል። ኡቡንቱ ላይ የዊንዶውስ ጌም ለማስኬድ ፕሮቶን የሚባል ፕሮግራም አለ፣ ነፃ ነው፣ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ይህን የምነግራችሁ በኋላ ጣጣው የመጣው ከዚሁ ስለሆነ ነው።

አንድ ቀን የከባድ መኪና ጌም ዴሞ፣ ማለትም በነፃ የሚሞከር ቅንጭብ፣ ወጣ ሲባል ሰማሁ። የጌሙን ስም አልጠራም። 4 ጊጋ ነበር፣ በሌሊት ጥቅል አውርጄው አደርኩ። ጠዋት ከፈትኩት። ምንም አልጠየቀኝም። ኢሜይል የለ፣ ፓስወርድ የለ፣ ኔትወርክ የለ። ስልኬን ዳታ ዘግቼ ነበር፣ እንዲያም ሆኖ ተከፈተ።

ዴሞው ሁለት ጭነት ብቻ ነው ያለው፣ ጥሩ አድርጎ ለያዘው አንድ ሰዓት ይሆናል። የመጀመሪያው ሲሚንቶ ጭኖ ሜዳ መንገድ መንዳት ነው፣ እሱ እምብዛም አይደለም። ሁለተኛው ግን ከተራራ አናት ላይ በዝናብ ቁልቁል መውረድ ነው። መስታወቱ ላይ ዝናቡ ሲወርድ መጥረጊያው ይንጫጫል። ጭነቱ ከኋላ ሲገፋችሁ ይሰማችኋል። ፍሬን ደጋግማችሁ ከረገጣችሁ ይግልና መያዝ ያቆማል። እኔ ሦስት ጊዜ ገደል ገባሁ። ጽሑፉ በጣም ትንሽ ነው፣ ጥላው አንዳንዴ ይርገበገባል፣ አሮጌው ኮምፒውተሬም ጭጋግ ሲመጣ ይጎተታል። ይህን ሁሉ ግን ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ረሳሁት፣ ምክንያቱም አባቴ ድምፁን ሰምቶ ከበረንዳው ተነስቶ መጣ።

መጀመሪያ ቆሞ አየ። ከዚያ «ፍሬኑን ተወው!» አለኝ። «በማርሽ አውርደው እንጂ! በሦስተኛ የወጣኸውን ዳገት በሦስተኛ ነው የምትወርደው።» በሦስተኛ ማርሽ አስገባሁት። ሞተሩ ያዘው፣ መኪናው ተረጋጋ፣ ያለ ፍሬን ወረደ። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ይህን ያውቃሉ ማለት ነው። አባቴ ወንበር ጎትቶ አጠገቤ ተቀመጠና እሱም የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ ጭጋጉ እንዴት እንደነበር፣ ረዳቱ ወርዶ ከፊት በእግሩ እየሄደ በባትሪ ያሳየው እንደነበር አወራኝ። ይህን ወሬ ከዚያ በፊት ነግሮኝ አያውቅም። በማግሥቱ ራሱ ሊሞክር ፈለገ። ጣቱ ይንቀጠቀጣል፣ ቁልፎቹ አልገቡት አሉ፣ ቢሆንም በአራተኛው ቀን ያንን ቁልቁለት አንድም ነገር ሳይነካ ወረደው። እኔ እስከ ዛሬ እንደሱ አልወረድኩትም።

በዚያ ሳምንት ልቤ ተነሳ። ሙሉውን ጌም ልግዛለት ብዬ ወሰንኩ። ስህተቴም እዚህ ላይ ይጀምራል። ዴሞው ስለሠራ ሙሉውም እንደዚያው ይሠራል ብዬ አሰብኩ። ዴሞ የሚያሳያችሁ ጌሙን ነው። በሩ ላይ ያለውን ቁልፍ አያሳያችሁም። ዴሞን ማንም ቢገለብጠው ሻጩ ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋም፣ ስለዚህ ብዙ ጊዜ አይቆልፈውም። ሙሉው ላይ ግን ብዙ ጊዜ የቅጂ መከላከያ ይገባል። ሁለቱን አንድ አድርጋችሁ አትቁጠሩ።

ግዢው ራሱ ጣጣ አለው። ክፍያው በዶላር ነው፣ እኔ ደግሞ የውጭ ካርድ የለኝም። አሜሪካ ያለ የአጎቴ ልጅ በስጦታ መልክ ገዝቶ ላከልኝ፣ እኔ ብሩን እዚህ ለእናቱ ሰጠሁ። የዚያ ቀን የደስታዬ ነገር! ከዚያ መጠኑን አየሁ። 38 ጊጋ።

በስልክ ጥቅል፣ ሌሊት ሌሊት፣ 11 ቀን ፈጀብኝ። መብራት የሄደበት ሌሊት አለ፣ ኔትወርኩ እንደ ኤሊ የሆነበት ሌሊት አለ። እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ። ገንዘብ የማስመለሻው ቀን መቆጠር የሚጀምረው ከገዛችሁበት ቀን ነው፣ አውርዳችሁ ከጨረሳችሁበት ቀን አይደለም። ለምሳሌ የኔው ጌም በተገዛበት፣ ስቲም በሚባለው የኦንላይን ጌም መደብር ደንቡ ከተገዛ 14 ቀን ያልሞላው፣ ከ2 ሰዓት በታች የተከፈተ መሆን አለበት ይላል። 11 ቀን በማውረድ ከጨረሳችሁ የቀራችሁ ሦስት ቀን ናት። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የት እንደምታወርዱ ወስኑ። ዋይፋይ ያለው ጓደኛ ካላችሁ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ። ስቲም ላይ የወረደን ጌም ወደ ሌላ ኮምፒውተር በፋይል መገልበጥ ይቻላል፣ እንደገና ማውረድ አያስፈልግም። እኔ ሳሪስ ያለ ጓደኛዬ ቤት አንድ ሌሊት ባድር ያልቅ ነበር። ይህን ያወቅሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ወርዶ ያለቀ ዕለት ቅዳሜ ነበር። አባቴ ከቁርስ በኋላ ጠብቆ ተቀመጠ። ከፈትኩት። ጌሙ ሳይሆን ሌላ መስኮት መጣ፣ የአሳታሚው ላውንቸር፣ ጌሙን የሚያስነሳ ፕሮግራም ማለት ነው። አካውንት ክፈት አለኝ። ከፈትኩ። በኢሜይል ኮድ ልኬያለሁ አለ። ኮዱ በ10 ደቂቃ ውስጥ ካልገባ ይሞታል፣ ኢሜይሌ ደግሞ ኔትወርኩ ተዳክሞ በ12ኛው ደቂቃ መጣ። ድጋሚ። በሦስተኛው ሙከራ አለፍኩ። ከዚያ «አክቲቬት እያደረግን ነው፣ ይጠብቁ» ብሎ አንድ ክብ ነገር መዞር ጀመረ። ዞረ፣ ዞረ። እኔም እየጠበቅሁ ምሳ በላን፣ ቡና ተፈላ። መስኮቱ ክፍት ነው። አልዘጋሁትም፣ ከዘጋሁት ከመጀመሪያ ይጀምራል ብዬ ፈራሁ።

ያ መስኮት ክፍት ሆኖ የቆየበት ሰዓት ሁሉ ለካ «የተጫወተበት ሰዓት» ተብሎ እየተቆጠረብኝ ነበር። አንድ ሜትር ሳልነዳ 3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ተጻፈብኝ። ገንዘብ ለማስመለስ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ ይኸው ነው፣ ከ2 ሰዓት በላይ ተጫውተሃል። አደራችሁን፣ ላውንቸር አልከፍት ካለ ወይም እየጠበቃችሁ ከሆነ ከ20 ደቂቃ በላይ ክፍት አትተዉት። ዝጉት፣ ስክሪኑን ፎቶ አንሱት፣ ሰዓቱን ጻፉ፣ በዚያው ቀን ገንዘብ ማስመለሻውን ጠይቁ። በስጦታ የመጣ ቢሆንም ተቀባዩ መጠየቅ ይችላል፣ ብሩ የሚመለሰው ግን ለከፈለው ሰው ነው። እኔ ግን «ነገ ይሠራ ይሆናል» እያልኩ አራት ቀን አሳለፍኩ።

አልሠራ ሲለኝ መነካካት ጀመርኩ። ጥፋቱ የፕሮቶን ይሆናል ብዬ ሌላ የፕሮቶን ቨርዥን መረጥኩ። ለአፍታ ተከፈተና ተዘጋ። ሌላ ቨርዥን። እንደገና ሌላ። በየሙከራው ተስፋ አለ፣ አንዴ እንዲያውም የጌሙ ሙዚቃ ተሰማ፣ አባቴ «መጣ!» አለ። ከዚያ ቀይ ጽሑፍ መጣ። ይህ ጌም በ24 ሰዓት ውስጥ ከተፈቀደለት በላይ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቷል፣ ቆይተው ይሞክሩ ይላል።

እኔ ጌሙን የከፈትኩት በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ከቤቱ አልወጣም።

ሌሊቱን ሳነብ አድሬ ነው የገባኝ። እንደዚህ ያለው ቁልፍ ኮምፒውተራችሁን የሚያውቀው በመልኩ ነው። ፕሮሰሰሩን፣ ሲስተሙን እና ሌሎች ምልክቶችን አይቶ አንድ መታወቂያ ይሠራል። የፕሮቶን ቨርዥን ሲቀየር ያ መልክ ይቀየርበታል፣ አዲስ ኮምፒውተር የመጣ ይመስለዋል። በጣም ከታወቁት ቁልፎች አንዱ ዴኑቮ ነው፣ የኦስትሪያ ሥራ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ከፊፋ 15 ጋር ነው የመጣው። ብዙዎቹ ዴኑቮ ያለባቸው ጌሞች ላይ ገደቡ በቀን 5 ኮምፒውተር ነው። ለአንድ ሰው 5 ኮምፒውተር ብዙ ይመስላል። ሊኑክስ ላይ ሆኖ ቨርዥን ለሚቀያይር ሰው ግን የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ስለዚህ ሊኑክስ ለምትጠቀሙ ምክሬ አንድ ነው፣ ቨርዥን መርጣችሁ በዴሞው ላይ ፈትሹ፣ ቁልፍ የሌለው ዴሞ አይቆጥርም። ሙሉውን በዚያው ቨርዥን ክፈቱ፣ ከዚያ አትንኩት። አልከፍት ቢል አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ሞክሩና ተዉት። መቆለፊያው ከጠረቀመ ደግሞ 24 ሰዓቱን መጠበቅ ብቻ ነው፣ በየሰዓቱ መነካካት አይጠቅምም።

እኔ ያንን 24 ሰዓት አልጠበቅሁም። ከሁሉም የሚያመኝ ይሄ ነው።

የጎረቤት ልጅ ነው፣ ጥሩ ልጅ ነው፣ ክፋት አስቦ አይደለም። «ወንድሜ ምን ያለፋሃል፣ ክራኩ ቴሌግራም ላይ አለ» አለኝ። ክራክ የሚሉት የጌሙን ቁልፍ የሚሰብር ፋይል ነው። አሰብኩት። ገዝቼዋለሁ። ብሩ ተከፍሏል። የራሴን ነገር ነው የምከፍተው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ቻናሉ ላይ ትንሽዬ ፋይል ነበረች፣ ከመክፈትህ በፊት አንቲቫይረሱን አጥፋ የሚል መመሪያ አላት። ኡቡንቱው ላይ አልሄድ ስላለ በሥራ ላፕቶፔ ላይ፣ ደንበኞቼ ያሉበት፣ ቴሌግራሜ የተከፈተበት፣ ፓስወርዶቼ ሁሉ ብሮውዘሩ ውስጥ የተቀመጡበት ላፕቶፕ ላይ፣ አንቲቫይረሱን በገዛ እጄ አጥፍቼ ከፈትኳት። ምንም አልመጣም። ጌም የለ፣ ስህተት የለ። ተሰላችቼ ተኛሁ።

ጠዋት በ1 ሰዓት ከአዳማ አክስቴ ደወለች። «ብሩ ደረሰህ ወይ ልጄ? አባትህ እንዴት አደረ?» አለችኝ። የምን ብር? ሌሊቱን ከኔ ቴሌግራም ላይ «አባባ ታሞ ሆስፒታል ነን፣ ነገ እመልሳለሁ» የሚል መልእክት ለዘመድ ለወዳጅ ተልኳል። አክስቴ ከእንቅልፏ ተነስታ በማታውቀው ስም 4,000 ብር በቴሌብር አስገብታለች። ሁለት የሠርግ ደንበኞቼም ተጠይቀዋል፣ እነሱ ግን ደውለው ለማጣራት ሲሞክሩ ስልኬ ዝግ ነበርና አልላኩም። አክስቴ ጡረተኛ ናት። ብሩን ሁለት ወር ከፍዬ መለስኩላት፣ እሷ አልቀበልም ስትል በእናቴ ነፍስ ለምኜ።

ፋይሏ የሠራችው ይህን ነው። ፓስወርድ አልሰበረችም። ላፕቶፑ ላይ ክፍት የነበረውን ቴሌግራም እንዳለ ወስዳ ሌላ ቦታ ከፈተችው፣ የስልክ ኮድ እንኳ አላስፈለጋትም። እንዲህ ከደረሰባችሁ በቅድሚያ ስልካችሁ ላይ ቴሌግራም ሴቲንግ ገብታችሁ ዲቫይስ የሚለውን ክፈቱ፣ ከያዛችሁት ስልክ በቀር ሁሉንም አስወጡ። ከዚያ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ። ከዚያ የኢሜይላችሁን ፓስወርድ ቀይሩ፣ በተበከለው ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን በሌላ። ለዘመዶቻችሁ ደግሞ በጽሑፍ ሳይሆን ደውላችሁ ንገሩ፣ ጽሑፉን ሌባውም ይጽፈዋልና። ላፕቶፑ ላይ ያለውን እኔ ሙሉ በሙሉ አጥፍቼ ዊንዶውስ እንደገና ጫንኩበት። ሁለት ቀን ሥራ ፈታሁ። ሥራዎቹ ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ስለነበሩ ተረፉ፣ ባይሆን ኖሮ የሰው ሠርግ ይጠፋ ነበር፣ ያንን ሳስበው አሁንም ይጨንቀኛል።

አባቴን ፈርቼ ነበር። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። አልተቆጣም። ትንሽ ዝም ብሎ «ኬላውን ሸሽተህ በጫካ ገባህ» አለኝ። «እኛም ዘመን ነበሩ፣ ኬላ እንዳይፈተሹ በጫካ የሚዞሩ። ሽፍታ የሚጠብቀው እነሱን ነው።» ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነገር ነው ግን በጆሮዬ የቀረው። «ኬላ እኮ አልጠላሁም» አለ። «ጭነት ስትጭን ወረቀት ታሳያለህ፣ ያልፋል። ይሄ ግን ገዝተኸው ቤትህ አስገብተኸው ሳሎንህ ላይ ወረቀት የሚጠይቅህ ነው።»

እኔም እንደሱ ነው የማስበው። ጌም የሚሠሩ ሰዎች ሊከፈላቸው ይገባል። ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ነኝ፣ ሥራዬን ሌላ ሰው በስሙ ሲለጥፈው አይቻለሁ፣ ያማል። እኛም አገር የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ በከንቱ አልወጣም። ግን ቁልፉ የሚይዘው ማንን ነው? እ.ኤ.አ. በ2008 ስፖር የሚባል ጌም ወጣ፣ የገዛው ሰው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው አክቲቬት ማድረግ የሚችለው ተባለ። ገዢዎች ተቆጡ፣ ክስ ተመሠረተ፣ ጌሙ ግን በዚያው ዓመት ተሰርቀው በብዛት ከወረዱት ግንባር ቀደሞቹ ውስጥ ገባ። ሲምሲቲ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ ሁልጊዜ ኦንላይን ካልሆንክ አይከፈትም ነበር፣ ሰርቨሩ ተጨናንቆ የከፈለው ሰው በር ላይ ቆመ። ከአንድ ዓመት በኋላ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ፈቀዱ። ይቻል ነበር ማለት ነው። የድሮ ሲዲ ያላችሁ ደግሞ ታውቁት ይሆናል፣ ሴፍዲስክ የሚባለውን ቁልፍ ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. በ2015 መጥቶ አልቀበልም አለው፣ በገንዘቡ የገዛ ሰው ሲዲውን ታቅፎ ቀረ።

በሌላ በኩል ገዢያቸውን ያመኑም አሉ። ዱም የሚባለው ጌም እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ የመጀመሪያውን ክፍል፣ ዘጠኝ ደረጃ፣ በነፃ ለቀቁት፣ ገልብጣችሁ ለሰው ስጡ ነው ያሉት። የቀረውን የወደደ ገዛ። ዊቸር 2 እ.ኤ.አ. በ2011 ሲዲው ላይ ቁልፍ ይዞ ወጣ፣ ግን በዚያው ወር በአፕዴት አነሱት። የዊቸር ባለቤት ድርጅት የከፈተው ጎግ የሚባለው መደብር እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ያለ ቁልፍ ነው የሚሸጠው፣ የጌሙን ጫኝ ፋይል አውርዳችሁ ሃርድ ዲስካችሁ ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ ኔትወርክ ኖረ አልኖረ ትከፍቱታላችሁ። እንደኛ ላለ ሰፈር ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አሁን የምፈልገው ጌም እዚያ ካለ ሌላ ቦታ አልገዛም፣ ትንሽ ቢወደድ እንኳ።

ስቲም ላይ ከሆነ የምትገዙት፣ የጌሙ ገጽ ላይ በስተቀኝ ወረድ ብላችሁ እዩ። የሌላ ድርጅት ዲአርኤም (የቅጂ መከላከያ ቁልፍ ማለት ነው) ካለው፣ ሌላ አካውንት ከጠየቀ፣ የኮምፒውተር ገደብ ካለው እዚያ በትንሽ ሣጥን ተጽፏል። የኔው ጌም ላይም ተጽፎ ነበር። ፎቶውንና ቪዲዮውን እንጂ እሱን አላነበብኩም። ያ ሣጥን ካለ ቢያንስ ሦስት ነገር ጠይቁ፣ መጀመሪያ ሲከፈት ብቻ ነው ወይስ ሁሌ ነው ኢንተርኔት የሚፈልገው፣ እቃ ብቀይር ምን ይሆናል፣ ከኔ በፊት የገዙ ሰዎች ሊኑክስ ላይ ምን አሉ። የገዙ ሰዎች አስተያየት ውስጥ መጥፎዎቹን አስቀድማችሁ አንብቡ፣ ስለ ጨዋታው የሚያማርሩትን እለፏቸው፣ ስለ መክፈት የሚያማርሩትን ግን አንድ በአንድ።

ሙሉው ጌም በመጨረሻ ተከፈተ። መቆለፊያው ካለፈ በኋላ፣ አንድ ማለዳ ኔትወርኩ ጥሩ ሲሆን፣ በአንድ ቨርዥን፣ አንዴ ብቻ ነካሁትና ገባ። ወዲያው ወጥቼ ስቲምን ኦፍላይን አደረግሁት። ኦፍላይን የሚሠራው አስቀድማችሁ ኔትወርክ ባለበት ገብታችሁ ጌሙን አንዴ ከከፈታችሁት ነው፣ መብራትና ኔትወርክ ከሄደ በኋላ ላድርገው ማለት አይሆንም። አፕዴቱንም በራሱ እንዳይወርድ አድርጌዋለሁ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያለ ኔትወርክ ነዳን። ጌሙ ግሩም ነው፣ ይህንን መመስከር አለብኝ። የሌሊት መንገድ አለው፣ የመኪና ማቆሚያ ላይ ሻይ የሚጠጡ ሾፌሮች አሉት፣ አባቴ እነሱ አጠገብ መኪናውን አቁሞ ዝም ብሎ ያያቸዋል። በአሥረኛው ቀን ቀድሞ የወረደ የኡቡንቱ አፕዴት ገባና እንደገና ኔትወርክ ጠየቀ። ያን ዕለት ኔትወርክ አልነበረም።

ዴሞውን ላጠፋው ነበር፣ 4 ጊጋ ቦታ ይይዛል። አላጠፋሁትም። ባለፈው እሑድ ከሰዓት መብራት ሄዶ አመሻሽ ላይ መጣ። ኔትወርኩ ግን አልተመለሰም። አባቴ ወንበሩን ራሱ ጎትቶ ኮምፒውተሩ ፊት አስጠጋውና «ያኛውን ክፈትልኝ» አለኝ፣ «የማይጠይቀውን።» ከፈትኩለት። ዝናቡ ጀመረ፣ መጥረጊያው ተንጫጫ፣ እሱም በሦስተኛ አስገብቶ መውረድ ጀመረ።